ኦሞውን ያስቀምጡት፤ ውሃ ላይ የሚሮጠው ነገር ጠላትዎ አይደለም

ጥያቄው ከባህር ዳር ወጣ ብላ ካለች ቀበሌ የመጣ ነው። አሳጥሬ ሳቀርበው እንዲህ ይላል፦

«አምና ጓሮዬ ውስጥ የውሃ ማቆሪያ ኩሬ ቆፍሬ ጂኦመምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) አነጠፍኩበት። የሚገባበት የዝናብ ውሃ ብቻ ነው፤ ከወንዝም ከምንጭም አይገናኝም። ነሐሴ ላይ ሸረሪት የሚመስሉ ቀጫጭን ነገሮች ውሃው ላይ ሲሮጡ አየሁ። አሁን መስከረም ላይ ብዛታቸው አይጣል ነው። ጎረቤቴ የቢንቢ እናት ናቸው አለችኝ። አባቴ ደግሞ እነሱ ያሉበት ውሃ ንጹህ ነው፣ ይጠጣል ይላሉ። የሰባት ዓመት ልጄ ከኩሬው አንድ ነገር ይዞ ነከሰኝ ብሎ አለቀሰ። ከብቶቼም ከዚያው ነው የሚጠጡት፤ ቢውጧቸውስ? ኦሞ በጥብጠህ ድፋበት፣ ይጠፋሉ ያሉኝ አሉ። ምን ላድርግ? ደግሞስ እንዴት ነው የማይሰምጡት?»

ኦሞውን አይድፉ። ይሄ በቅድሚያ ይያዝልኝ፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

ያዩት ነገር ሸረሪት አይደለም። ሸረሪት ስምንት እግር አለው፣ ይሄኛው ስድስት። ብዙ ሰው ሲቆጥረው አራት ብቻ ያገኛል፤ የፊተኞቹ ሁለት እግሮች አጫጭር ስለሆኑና ከአፉ ሥር እጥፍ ብለው ስለሚቀመጡ አይታዩም። እኔ ለተማሪዎቼ «ውሃ ሯጭ» እያልኩ ነው የማስተምረው፤ እዚህም በዚሁ ልቀጥል። የቅርብ ዘመዶቹ እነማን እንደሆኑ ቢጠይቁኝ ደስ አይልዎትም፤ ትኋን አንዱ ነው። ሁለቱም ማኘክ አይችሉም። አፋቸው እንደ መርፌ የሾለ ቱቦ ነው፤ ይወጋሉ፣ ይመጥጣሉ። ልዩነቱ ትኋን የሰው ደም ነው የሚፈልገው፣ ውሃ ሯጭ ግን ሰው አይፈልግም። የእሱ ቀለብ ውሃ ላይ የወደቀ ዝንብ፣ ጉንዳን፣ የእሳት እራት፣ የትኛውም ነፍሳት ነው።

የጎረቤትዎ ነገር «በሬ ወለደ» ነው። ቢንቢ ልጅነቷን የምታሳልፈው ውሃ ውስጥ ነው። እጯ ትል መሳይ ነች፤ እየተወራጨች ትዋኛለች፣ አየር ለመሳብ ብቻ ወደ ላይ ብቅ ትላለች። አድጋ ስትወጣ ከእጯ ጋር ምንም አትመሳሰልም። የውሃ ሯጭ ልጅ ግን ከእንቁላል ሲወጣ ጀምሮ ወላጁን ይመስላል፤ ትንሽ ነው፣ ክንፍ የለውም፣ በቃ። ነገሩ እንደ አንበጣና ኩብኩባ ነው። አምስት ጊዜ ቆዳውን እየጣለ ያድጋል፤ ከአምስተኛው በኋላ ጎልማሳ ይሆናል። ኩሬዎ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ቢያዩ ልክ እንደ ቤተሰብ ፎቶ ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ያገኛሉ። አልፎ አልፎ ውሃው ላይ ስስ፣ ባዶ፣ እግር ያለው ቅርፊት ሲንሳፈፍ ካዩ የሞተ አይምሰልዎት፤ የተጣለ ልብስ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ልዝለል፤ የኦሞውም መልስ ከዚያ ነው የሚመዘዘው።

ጀልባ ሲንሳፈፍ ከፊሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነው። ውሃ ሯጭ ግን ምንም አካሉ ውሃ ውስጥ አልገባም። ላዩ ላይ ቆሟል። የውሃ ቅንጣቶች እርስ በርስ ይሳሳባሉ። መሃል ያለችዋ ከየአቅጣጫው ትሳባለች። ላይኛዋ ግን ከበላይዋ አየር ብቻ ስለሆነ የምትሳበው ወደ ጎንና ወደ ታች ነው። በዚህ የተነሳ የውሃው ገጽ እንደ ተወጠረ ነገር ይሆናል። ትምህርት ቤት «ሰርፌስ ቴንሽን» ያሉን ይሄንን ነው።

እቤትዎ ይሞክሩት። ብርጭቆ ውስጥ ንጹህ ውሃ ይቅዱ። ቁራጭ ሶፍት ላዩ ላይ ያስቀምጡ፤ ሶፍቱ ላይ ደረቅ የልብስ መርፌ በጎኑ ያስተኙ። ሶፍቱ ውሃ ጠጥቶ ይሰምጣል፣ ካልሰመጠም በክብሪት እንጨት ቀስ አድርገው ወደ ታች ይግፉት። መርፌው ይቀራል። ዓይንዎን ከውሃው እኩል አድርገው በጎን ቢያዩ ከመርፌው ሥር ውሃው እንደ ፍራሽ ጎድጎድ ብሎ ይታያል። ብረት እኮ ነው! ከዚያ የክብሪቷን ጫፍ ላርጎ አስነክተው ውሃውን ነካ ያድርጉት። መርፌው ወዲያው ይወርዳል። ላርጎ ሆነ ኦሞ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ የውሃውን ውጥረት ከግማሽ በታች ያወርደዋል።

ውጥረቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ዝንብም እኮ ቀላል ናት፤ ውሃ ላይ ስትወድቅ ግን ትጣበቃለች፣ ትበሰብሳለች። የውሃ ሯጭ ምስጢር ውሃው እግሩን አለመያዙ ነው። የጎደሬ ቅጠል ላይ ውሃ ጠብ ሲል አይተው ያውቃሉ? አይዘረጋም። እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ይንከባለልና ቅጠሉን ደረቅ ትቶት ይሄዳል። የውሃ ሯጭ እግርም እንደዚያ ነው። ሰም በመሰለ ነገር የተለበጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ከሰው ፀጉር ቢያንስ ሃያ እጥፍ የቀጠኑ ናቸው። በዚያ ላይ ፀጉሮቹ ራሳቸው እጅግ ረቂቅ ቦይ ቦይ አላቸው። በፀጉሮቹ መሃልና በቦዮቹ ውስጥ አየር ይያዛል። ስለዚህ ነፍሳቱ የቆመው ውሃ ላይ ሳይሆን የአየር ምንጣፍ ላይ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት ቻይናውያን ተመራማሪዎች አንዷን እግር ብቻ ውሃ ላይ እየተጫኑ ለክተዋት ነበር። ውሃውን ሳትበሳ የነፍሳቱን ጠቅላላ ክብደት 15 እጥፍ ያህል ቻለች። አንዷ እግር! ክብደቱም እኮ ክብደት አይባልም። አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው የተለመደው ዓይነት 10 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው፤ መቶው ተሰብስቦ አንድ ግራም።

ፀሐይ ስትወጣ ጥልቀት በሌለው ዳር ጥላውን ይፈልጉ። ከታች ያለው ፕላስቲክ ላይ የሚያዩት የቀጭን እግር ጥላ አይደለም። ጥቁር ክብ ክብ ነጠብጣቦች ናቸው፤ ዙሪያቸው ብሩህ መስመር አለው። እግሩ የረገጠበት ቦታ ውሃው ስለሚጎደጉድ ብርሃኑን ወደ ውጭ ይበትነዋል። ለልጅ የሚያሳዩት ከዚህ የተሻለ የፊዚክስ ትምህርት አላውቅም።

አሯሯጡ ራሱ የሳይንስ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። መሃለኛዎቹ ሁለት ረጃጅም እግሮች መቅዘፊያ ናቸው፣ የኋለኞቹ መሪ፣ የፊተኞቹ አጫጭሮች ደግሞ ምርኮ መያዣ። ግን ውሃውን በምን ይገፋል? ድሮ የነበረው መልስ «እግሩ የሚፈጥረው ሞገድ ወደ ኋላ ሲሄድ እሱ ወደ ፊት ይሄዳል» የሚል ነበር። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ውሃ ላይ ሞገድ ለመፍጠር እግሩ በሴኮንድ ከ23 ሳንቲ ሜትር በላይ መፍጠን አለበት። ገና የተፈለፈሉት የውሃ ሯጭ ጫጩቶች እዚያ ፍጥነት አይደርሱም። በስሌቱ መሠረት ከቦታቸው መነቃነቅ የለባቸውም። ጫጩቶቹ ግን ስሌቱን ስላላነበቡ ይሮጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ውሃውን ቀለም ነክረው በፈጣን ካሜራ ሲቀርጹ መልሱ ወጣ። ጣና ላይ ታንኳ ሲቀዘፍ መቅዘፊያው ውሃውን ለቆ ሲወጣ ትቶት የሚሄደውን ሽክርክሪት ያውቁታል። ውሃ ሯጭም እንደዚያው ነው። በእያንዳንዱ ምት ከገጹ ሥር ሁለት ሽክርክሪት ወደ ኋላ ይወረውራል፤ ዋናው ግፊት የሚመጣው ከነሱ ነው። በዚህ ዘዴ በሴኮንድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይሮጣል። ለአንድ ሳንቲ ሜትር ገላ ይሄ ጉድ ነው።

«ከወንዝ ጋር የማይገናኝ ኩሬ ውስጥ ከየት መጡ?» ብለው አልጠየቁኝም፤ ግን ጥያቄው ውስጥ አለ። በርረው ነው የመጡት። ብዙ የውሃ ሯጭ ዓይነቶች ሁለት መልክ አላቸው፤ ክንፋም እና ክንፈ ቢስ ወይም አጭር ክንፍ። ብዙ ጊዜ አንዱ ከሌላው በዘር የተለየ ስለሆነ አይደለም። የቀን ርዝመት፣ ሙቀት፣ የውሃው መቆየት አለመቆየት ተደማምረው ይወስናሉ። ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ውሃ ላይ ክንፍ ትርፍ ወጪ ነው። በበጋ የሚደርቅ ኩሬ ላይ ግን ክንፍ የሌለው አለቀለት። እንግዲህ እርስዎ ዘንድ የደረሱት የክንፋሞቹ ወገን ናቸው።

ኩሬዎን እንዴት አገኙት? ውሃ በዓይናቸው ሲፈልጉ የሚከተሉት ከጠፍጣፋ ገጽ ላይ አንጸባርቆ የሚመጣ ለየት ያለ ብርሃን አለ፤ ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ አግድም የሚርገበገብ። የሰው ዓይን አይለየውም። የነሱ ይለየዋል። ጥቁርና ለስላሳ ፕላስቲክ ደግሞ ይሄንን ብርሃን ከውሃ አብልጦ ያንጸባርቃል። ስለዚህ ጥቁር ጂኦመምብሬን ያነጠፈ ሰው ሳያውቀው ለውሃ ነፍሳት ሁሉ ትልቅ ማስታወቂያ ሰቅሏል ማለት ነው። ሌሎችም መጥተዋል፤ ስለነሱ ከታች እነግርዎታለሁ።

ኩሬው ላይ የሚያዩት ግርግርም ትርጉም አለው። ውሃ ሯጭ ውሃውን የሚያነበው በእግሩ ነው። አንዲት ጉንዳን ጠብ ስትል የምትፈጥረውን ሞገድ እግሩ ላይ ባሉ የስሜት ሕዋሳት ይሰማና ወደዚያው ይፈተለካል። ሸረሪት ድሯን እንደምትጠብቀው ይሄ ደግሞ ኩሬውን በሙሉ ድሩ አድርጎታል። ወሬም የሚያወሩት በዚሁ ነው። አንዳንድ ዓይነት ላይ ወንዱ እግሩን በሴኮንድ ከ80 እስከ 90 ጊዜ እያርገበገበ «እኔ ወንድ ነኝ» የሚል ሞገድ ይልካል፤ መልስ ያልላከ ሌላ ውሃ ሯጭ ሴት ናት ማለት ነው።

አንዱ ሌላውን አዝሎ ሲሮጥ ካዩ ደግሞ «እናት ልጇን አዝላ» እንዳይሉ። ላይኛው ወንዱ ነው። ከተገናኙ በኋላም ሌላ እንዳይቀርባት ብሎ ለሰዓታት ጀርባዋ ላይ ይቀራል። ሴቷ እሱን ተሸክማ ነው የምታድነው፣ የምትሸሸው። ብዙ ጊዜ ልታራግፈው ትታገላለች። ኮሪያ ውስጥ የተጠና አንድ ዓይነት አለ፤ ወንዱ ሴቷ ካልፈቀደችለት ውሃውን በእግሩ ይመታል። ምቱ ከታች ያለ አዳኝ ነፍሳትን ይጠራል። ከሁለቱ ለአዳኙ ቅርብ የሆነችው ከታች ያለችው እሷ ናት። ማስፈራሪያ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሳነብ ተፈጥሮ «ውብ ናት» ብቻ ብለው የሚያልፉ ሰዎች ይገርሙኛል።

እርስ በርስም ይበላላሉ። ትልቁ ትንሹን። ብዛታቸው ያስፈራዎት መስከረም ላይ ቢሆንም ምግብ ሲያጥር ራሳቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ክንፍ ያላቸው ይሄዳሉ። ለቁጥራቸው ብለው እንቅልፍ አይጡ።

ስለ ቢንቢ እንነጋገር፤ እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንደኛው የጎረቤትዎ ነው፣ ጨርሰነዋል። ሁለተኛው «ውሃ ሯጭ ካለ ቢንቢ የለም» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ገጹ ላይ ለአየር ብቅ ያለ እጭ ካገኘ ይወጋዋል፤ ገና ከውሃ ወጥታ ክንፏን የምታደርቅ ቢንቢም ትጣፍጠዋለች። ግን እጮቹ ጥላ ሲያዩ ወይም ውሃው ሲነቃነቅ ወደ ታች ይጠልቃሉ። እሱ ተከትሏቸው አይጠልቅም። ሣር በገባበት ዳርም እንደ ልቡ አይሮጥም፤ እጮቹ ደግሞ የሚወዱት እሱን ነው። ስለዚህ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። የእናንተ አካባቢ ደግሞ ወባ አለበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዋናው ወቅት ነው። ኩሬዎ በውሃ ሯጭ ተሞልቶም ወባ አስተላላፊ ትንኝ ሊፈለፈልበት ይችላል። ጣሪያ ሥር በርሜል ወይም ሮቶ ካለዎት እሱንም ይክደኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በተለይ ማጠራቀሚያ ውሃ ነው የምትወደው።

የአባትዎን ነገር በአክብሮት ነው የምቃወመው፤ ከጥያቄዎ ሁሉ ሰው ሊያሳምም የሚችለው ግን እሱ ነው። ውሃ ሯጭ የሚተነፍሰው እንደ እኛ አየር ነው። ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ኖረ አልኖረ ደንታው አይደለም። እበት የገባበት ውሃ ላይም፣ ባክቴሪያ የሞላበት ላይም ደልቶት ይሮጣል። እሱ መኖሩ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የውሃው ገጽ ላይ ብዙ ዘይት ወይም ሳሙና የለም። ስለ ጀርም ምንም አይናገርም። የወንዝን ጤና በነፍሳት የምንለካ ሰዎች እኮ የምናምነው ድንጋይ ገልብጠን ሥሩ የተጣበቁትን ነው፤ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር የሚተነፍሱትን። ላዩ ላይ የሚሮጠውን አይደለም። ከብት የሚጠጣበት ክፍት የዝናብ ኩሬ ለሰው በቀጥታ አይጠጣም። አፍሉት ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት፤ ውሃው ደፍርሶ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ አጥሉት፣ ካልጠራ መድኃኒቱ በደንብ አይሠራም።

የልጁ ንክሻ። ውሃ ሯጭን ጨምቀው ከያዙት ሊወጋ ይችላል፤ ሰው የሚጎዳ መርዝ የለውም፣ በሽታም አያስተላልፍም። ግን አንድ ልጅ እስኪያለቅስ? እኔ የምጠረጥረው ሌላውን ነው። ማስታወቂያውን አይተው ከመጡት እንግዶች አንዱ በጀርባው የሚዋኝ ነፍሳት ነው። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ቅርጹ የተገለበጠ ጀልባ ይመስላል፣ ሁለት ረጅም የኋላ እግሮቹን እንደ መቅዘፊያ ዘርግቶ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ከውሃው ገጽ ሥር ይንጠለጠላል። የዚህ ንድፊያ እንደ ንብ ያንገበግባል። ልጁን «የያዝከው ከላይ የሚሮጠውን ነው ወይስ ከሥር የሚዋኘውን?» ብለው ይጠይቁት። በሁለቱም መንገድ ቦታውን በሳሙና አጥቦ በቀዝቃዛ ውሃ የነከረ ጨርቅ ማድረግ ይበቃል። እብጠቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም አተነፋፈሱ ከተለወጠ ግን ጤና ጣቢያ ነው፤ እሱ ላይ ቀልድ የለም።

ከብቶቹ ቢውጡት ምንም አይሆኑም። ከብት ላይ የሚያሰጋው አልቅት ነው፤ አፍና አፍንጫቸው አካባቢ ደም ካዩ እሱን ይፈልጉ።

አሁን ወደ ኦሞ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አለ የአገሬ ሰው። ኦሞው ውሃ ሯጩን ይገድላል፤ አልዋሹዎትም። ውጥረቱ ይወርዳል፣ ፀጉሮቹ ይርሳሉ፣ ነፍሳቱ እንደ መርፌዋ ይሰምጣል። ምናልባት ላይ የነበሩ የቢንቢ እጮችም ለጊዜው ይሞታሉ። ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ያስቡት። ቢንቢ ማታውኑ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከእንቁላል እስከ በራሪ ድረስ የሚፈጅባት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ውሃ ሯጭ ያንኑ ዑደት ለመጨረስ አንድ ወር እና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ያጸዱት አዳኙን ነው፣ የቀረልዎት ታዳኟ። በዚያ ላይ ያው ውሃ የከብትዎ መጠጥ፣ የአትክልትዎ ማጠጫ ነው። የተቃጠለ ዘይት ወይም ላምባም ያው ነው። ማንም የማይጠቀምበት የመንገድ ዳር ረግረግ ላይ ለወባ መከላከያ ሲረጭ አይተው ይሆናል፤ ያ ሌላ ነው። እንስሳ የሚጠጣው ውሃ ላይ አይደረግም። ማላታይንና ሌላ የሰብል መድኃኒትማ ጨርሶ አይታሰብ።

የምመክርዎት እንዲህ ነው። ውሃ ሯጩን ይተዉት፤ ለሱ ብለው አንድ ብር አያውጡ። ቢንቢውን ግን በቀጥታ ይግጠሙት። የኩሬውን ዳር ሣር ይጨዱ፣ የተንሳፈፈ ቅጠልና ፌስታል ያውጡ፣ ከቻሉ ላዩን በጥላ መረብ ይሸፍኑ። በነጭ ሳህን ዳር ዳሩን ጨለፍ እያደረጉ በሳምንት አንዴ ይዩ፤ የሚወራጩ እጮች ከበዙ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያነጋግሩ፣ እንስሳ ለሚጠጣው ውሃ የሚሆን የእጭ መግደያ በመጠኑ የሚሰጠው ባለሙያ ነው። ኩሬው ለመስኖና ለከብት ብቻ ከሆነ ጥቂት የቆሮሶ ጫጩት መልቀቅም አንድ አማራጭ ነው፤ እጭ ይበላል። ውሃው ግን በዓሣው ኩስ ይደፈርሳል፣ በበጋ ኩሬው ከደረቀም ዓሣው አለቀ። አጎበሩን በምንም ሰበብ አይተዉት።

ከሁሉም በላይ ግን ጥያቄዎን ሳነብ ያስደነገጠኝ እርስዎ ያላሰቡት ነገር ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ነፍሳት በእጁ የያዘው ኩሬው ጠርዝ ላይ ሆኖ ነው። ጂኦመምብሬን ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። ግድግዳው ተዳፋት ነው፣ የሚጨበጥ ነገር የለውም። አዋቂ እንኳ ከገባ ያለ ገመድ መውጣት ያቅተዋል። ልጆች እንዲህ ያለ ኩሬ ውስጥ ይሞታሉ። ነገ ሳይሆን ዛሬ ዙሪያውን በአጥር ይከልሉት፤ በእሾህም ይሁን በቆርቆሮ። በር ይኑረው፣ በሩ ይቆለፍ። ወፍራም ገመድ ከዳር ካለ ዛፍ ወይም ችካል ላይ አስረው እስከ ውሃው ድረስ ይልቀቁ፤ ቋጠሮ ቋጠሮ ያድርጉበት።

ልጁ ግን ማየቱን አይከልከል። እርስዎ ራስዎ በወንፊት ሦስት አራት ያጥምዱለትና ሳፋ ውስጥ ያሳዩት። ሲወስዷቸው ውሃ በሞላ ጠርሙስ አያድርጉ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ከወንዝ ሃያ ያህል በውሃ ጠርሙስ ይዤ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ መንገዱ ሲንጠኝ ውሃውም ሲንጣቸው ከተማ ስደርስ አብዛኞቹ ሰምጠው ሞተው ነበር። እርጥብ ሣር ወይም ሶፍት ብቻ ያለበት እቃ ይሻላል። ሳፋው ላይ አንዲት ጉንዳን ጠብ አድርጉና ምን እንደሚሆን እዩ። ማታ መልሳችሁ ልቀቋቸው። ሳፋው ልብስ የሚታጠብበት ከሆነ ግን አስቀድመው ሦስት አራቴ ያለቅልቁት፤ የኦሞ ትራፊ ካለበት ውሃ ሯጩ አይቆምበትም።